ማክሰኞና ሐሙስ የሚቀረው ልጅ፦ የአንድ ሰባተኛ ክፍል የስፖርት ፔሬድ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ስፖርት ለሰውነት ብቻ ሳይሆን ለአእምሮም ጥሩ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ጭንቀት ያቀላል፣ ጓደኛ ያገናኛል፣ ዓይን አፋሩን ይፈታል። እኔም የስፖርት አስተማሪ ነኝና ለወላጆች ስናገረው ኖሬያለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ከታች በምተርከው ጉዳይ አንድን ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀረው ራሱ የስፖርት ፔሬዱ ነው። በኋላ ደግሞ ያው ፔሬድ፣ በዚያው ሜዳ፣ በእነዚያው ልጆች መሀል መልሶ አመጣው። በመሀል የመጣ በጀት የለም፣ የተሰጠ ሥልጠናም የለም። የተቀየሩት ቡድን ማን ይመርጣል፣ ምን ተለብሶ ይገባል፣ ማርክ በምን ይሰጣል የሚሉት ናቸው። ተራ ነገር ስለሚመስሉ ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፋቸውም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

የልጁንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም። ልጁን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ትቻለሁ።

ክፍሉና ሜዳው

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቅና ሰባትና ስምንት መካከለኛ ደረጃ ይባላሉ። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ተፈትነው ከተለያየ ቦታ የተሰባሰቡ ናቸው። ብዙዎቹ አይተዋወቁም። ዕድሜውም ክፉ ነው፤ አንዱ ድምፁ ጎርንኖ ጢም ሊያወጣ ይዳዳዋል፣ አጠገቡ ያለው ገና ሕፃን ነው። ቅጽል ስም የሚወጣው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ነው።

ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ አለው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ ተሰልፎ፣ ስም ተጠርቶ፣ በመጨረሻም እጅ ታጥቦ እስኪገባ ስታስቡት 30 ደቂቃ ቢተርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። እኛ ጋ ሃያ ሁለቱ አንድ ኳስ ተከትለው ሲሯሯጡ የቀሩት ግድግዳ ሥር ተደርድረው ያያሉ።

አሠራሩ ብዙ ቦታ የሚታወቀው ነው። ቱታና ሸራ ጫማ ያላደረገ አይጫወትም፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ማርክም ይቀነስበታል። ከዚያ ጎበዝ ከሚባሉት ሁለቱ አምበል ሆነው ይወጡና ተራ በተራ ይመርጣሉ። መጀመሪያ ላይ ምርጫው ፈጣን ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ልጅ ሲቀር ግን ድርድር ይጀመራል፦ "እሱን እናንተ ውሰዱት።" "ኧረ አንፈልግም፣ እናንተ ጋ ይሁን!" ይሄ ሁሉ ልጁ እዚያው ቆሞ እየሰማ ነው። እኛም እንዲህ ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ነውርነቱ አይታየንም። ክፍሉን የተረከብኩት በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ፣ የቀድሞው መምህር በዝውውር ሲሄድ ነው፤ ያገኘሁት አሠራር እሱ የፈጠረው ሳይሆን የሁላችንም ነው።

ችግሩ የታየው አቴንዳንስ ላይ ነው

የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው መምህርት አንድ ቀን የስም መጥሪያውን ይዛ መጣች። "እስቲ ይሄን እየው፣ ይሄ ልጅ ስፖርት ባለ ቁጥር ነው እንዴ የሚቀረው?" አለችኝ። አየሁት። ሰኞ አለ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ አለ። ሐሙስ የለም። ዓርብ አለ። ገጹን ስትገልጡት እንደ ጥልፍ ጥለት ራሱን እየደገመ ይወርዳል። ስፖርት ያለው ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

ትኩረት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፦ ልጁ የስፖርት ፔሬዱን ብቻ አልነበረም የሚቀረው። ቀኑን ሙሉ ነው። አንድ ፔሬድ ለማምለጥ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም፣ ሳይንሱንም ይከፍላል።

ስለ ልጁ የሚታወቀው ጥቂት ነው። ከገጠር የመጣው በቅርቡ ነው፣ የሚኖረው አክስቱ ጋ ነው፣ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ከፍ ይላል። የአነጋገሩ ዜማ የአዲስ አበባ አይደለም። ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው። ክፍል ውስጥ "ፋራ" ይሉታል፣ ሲመልስ አፉን ተከትለው ይደግሙታል፤ ስለዚህ መመለስ ትቷል።

ቢሮ ጠርቼ ባናግረው የማገኘው መልስ "እሺ ቲቸር" ብቻ ነበር። ሜዳውን በኖራ ስናሰምር ኖራ እንዲይዝልኝ አደረግኩ። ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ ሥራ ሲሠራ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ወሬ ይቀላል። ለምን እንደሚቀር ስጠይቀው "ቱታ የለኝም" አለ። ትንሽ መስመር ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ቱታውስ ቢኖር ማን ይመርጠኛል" አለ።

አክስቱን አስጠራናት። የመጣችው ደንግጣ ነው።

"ምን አጠፋ መምህር? ብቻ ሰው መትቶ እንዳይሆን!"

"ኧረ ምንም አላጠፋም እትዬ፣ ይቀመጡ።"

የሚቀርባቸውን ቀናት ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። "ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከእኔ ጋር እኮ ነው የሚወጣው!" አለች። በኋላ እንደታወቀው ልጁ ከቤት ይወጣና ሰፈር ያለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ተማሪ እስኪለቀቅ ቁጭ ብሎ ይውላል። አክስቱ እንዳትገርፈው፣ ቤት ገብታ እንዳትጨቃጨቀው ለመነናት። "ስፖርት እንጀራ አይሆነው፣ ለዚህ ብሎ ነው ትምህርቱን የሚያበላሸው?" አለች እየወጣች። ከእሷ ቦታ ሆናችሁ ስታዩት ትክክል ናት።

ያልሠሩት ሁለት ነገሮች

መጀመሪያ የተሞከረው ምክር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ልጁ በሌለበት ቀን ስለ መከባበር፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ለክፍሉ ደህና አድርጋ ነገረቻቸው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "እሺ ቲቸር!" አሉ። ዕረፍት ላይ ግን አዲስ ነገር መጣ፦ "አትንኩት፣ የቲቸር ልጅ ነው!" ስድቡ አልቀረም፣ ምቀኝነት ተጨመረበት እንጂ።

ሁለተኛው ቱታው ነው። መምህራን አዋጣንና ከሰልባጅ ተራ ደህና ቱታና ጫማ ተገዛለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ። በቀጣዩ ማክሰኞ አልመጣም። ቱታው አክስቱ ቤት ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ማን እንደገዛለት ክፍሉ እንደሚያውቅ ገብቶታል፤ ለብሶት ቢመጣ በሜዳው መሀል ችግሩን ለብሶ እንደመቆም ነው የሚሆንበት። የቸገረው ልጅ ልብስ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። ደንቡ "ያለ ቱታ አይገባም" እንዳለ ሆኖ ለአንድ ልጅ ብቻ ቱታ መስጠት ግን ልጁን ለብቻው ነጥሎ ነው የሚያወጣው። መቀየር የነበረበት ደንቡ ነው።

የተቀየረው አንድ፦ አለባበስ

ቱታ ግዴታ መሆኑ ቀረ። የማያደናቅፍ ልብስ ይሁን፣ ጫማ የፈለገ ያድርግ፣ ያልፈለገ በባዶ እግሩ ይጫወት ተባለ። ይሄን ስንል አንዱ ቀልደኛ ጫማውን አውልቆ "አበበ ቢቂላ ነኝ!" እያለ ዞረ። ጥሩ በር ከፈተልኝ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። ዋዜማ መሆኑን አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

በባዶ እግር ለመጫወት ሜዳው መጽዳት አለበት። ስለዚህ ፔሬዱ የሚጀመረው ሁሉም በአንድ መስመር ተሰልፎ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደ የጠርሙስ ስባሪ፣ ምስማርና ሹል ድንጋይ በመልቀም ሆነ። ማሟሟቂያም ነው። ባለ ቱታውም ባለ ኮንጎውም እኩል ያጎነብሳል።

የተቀየረው ሁለት፦ ቡድንና ሚና

አምበሎች መምረጣቸው ሙሉ በሙሉ ቀረ። ቡድኑ በዕጣ ወጣ፣ ጎበዞቹ አንድ ጋ እንዳይከማቹ ትንሽ ተስተካከለ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያው ቡድን ሆኖ ቀጠለ። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዳሪል ሲደንቶፕ የሚባል አሜሪካዊ የስፖርት ትምህርት ምሁር ያዳበረው አካሄድ ነው፦ ልጆቹ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቡድን ይቆያሉ፣ ተጫዋች ብቻ ሳይሆኑ ዳኛም፣ ውጤት መዝጋቢም፣ አሠልጣኝም ይሆናሉ። እኛ ጋ ደግሞ ዕቃ ኃላፊና የማሟሟቂያ መሪ ተጨመሩ። ሚናው በየጊዜው ይዞራል፣ ማንም አይዘለልም።

ቡድን ቋሚ ሲሆን ልጅ ሲቀር ለቡድኑ ይጎድላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ልጁ ሲቀር የሚያስተውል አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ድርድር ይቀንስ ነበር። አሁን ግን ዳኛ የመሆን ተራው ደርሶ ካልመጣ ቡድኑ ነጥብ ያጣል። ሰኞ መጨረሻ ላይ ሁለት የቡድኑ ልጆች "ነገ እንዳትቀር፣ አንተ ነህ ዳኛ" ሲሉት ሰምቻለሁ። ቁጣ አለበት፣ ልመናም አለበት። ምናልባት ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ መምጣቱን የሚፈልግ ልጅ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ መጣ።

አንባቢ አሁን "ልጁ ለካ የሩጫ ጀግና ነበር" እንድል ጠብቆ ይሆናል። አልነበረም። ሩጫው መካከለኛ ነው፣ ኳስ ቁጥጥሩ ደካማ ነው። ከገጠር የመጣ ሁሉ ሯጭ ይመስለናል፣ እሱም አንድ ዓይነት ንቀት ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ፊሽካ ተሰጠው። የመጀመሪያውን ጥፋት ሲነፋ በራሱ አነጋገር ጮክ ብሎ ተናገረና አንድ የሌላ ቡድን ልጅ ድምፁን አስመስሎ ደገመው። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ልጁ ፊሽካውን ከአፉ አወጣና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም አልተቆጣሁም፣ ምክርም አልሰጠሁም፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የተስማማበት ደንብ ነበር፦ በዳኛ ላይ ያፌዘ ቡድኑን አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። መዝጋቢዋን "ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። በዚህ ጊዜ አስመሳዩ ላይ የተነሱበት የራሱ ቡድን ልጆች ናቸው፦ "አንተ አርፈህ ተጫወት፣ ታስበላናለህ!" ልጁ ፊሽካውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

ዝም ያሉት ለልጁ አስበው አይደለም፣ ለነጥባቸው ብለው ነው። ይሄ አያስከፋኝም። መጀመሪያ በጥቅም የተጀመረ ነገር ሲደጋገም ልማድ ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ ማንም ነጥብ ሳይቆጥር ዳኛ ላይ ማፌዝ ቀርቶ ነበር። ልጁም ያለ አድልዎ የሚዳኝ ሆኖ ተገኘ፤ ለራሱ ቡድን እንኳ አያዳላም፣ በዚህም ከቡድኑ ጋር ተጣልቷል። መጣላቱ ደስ አለኝ፤ ከሚፈሩት ሰው ጋር አይጣሉም፣ ልጁም ድሮ ከማንም ጋር የማይጣላው ስለሚፈራ ነበር።

የተቀየረው ሦስት፦ ኳስ ማን ይነካል

በእጅ ኳስ ጨዋታ ላይ "ከማግባት በፊት ሁሉም የቡድኑ ልጅ ኳስ መንካት አለበት" የሚል ደንብ አወጣን። ወረቀት ላይ ግሩም ነው። ሜዳ ላይ ግን ጎበዞቹ ደካማ ወደሚሉት ልጅ ኳሱን ወርወር አድርገው እጁ ላይ ሳያርፍ መልሰው ይነጥቁታል። ነካ፣ አለቀ። እንዲያውም ከድሮው የባሰ ውርደት ነበር።

ደንቡ ተቀየረ፦ በዚያ ቀን ገና ያላገባ ልጅ ሲያገባ ሁለት ነጥብ፣ ያገባ ልጅ ደግሞ ሲያገባ አንድ። ወዲያው ጨዋታው ሌላ ሆነ። ጎበዞቹ ደካሞቹን ማሠልጠን ጀመሩ፤ "ክርንህን ከፍ አድርግ፣ በረኛውን አትየው፣ ጥጉን እየው!" ይላሉ። ያስተማሩት ለሁለት ነጥብ ነው። የተማረው ልጅ ግን ተምሯል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው ይላሉ፦ የራሱ ምርጫ ሲኖረው፣ እችላለሁ ሲል፣ ከሌሎች ጋር ትስስር ሲኖረው። ወደ ድሮው ፔሬዳችን ተመልሳችሁ እዩት። ልጁ የሚመርጠው የለም፣ ይመረጣል እንጂ፤ አለመቻሉ በሰው ፊት ይታወጃል፤ ትስስር ቢኖር ከግድግዳው ጋር ነው።

ሴቶቹስ?

ጉዳዩ በአንድ ወንድ ልጅ ቢጀምርም ግድግዳ ሥር የተቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ምክንያታቸው ሁሌ አንድ ነው፦ "ወገቤን አሞኛል ቲቸር።" አንዲት ሴት መምህርት ለብቻቸው ስታናግራቸው ሌላ ወጣ። ቱታ የሚቀየርበት ቦታ የለም፣ ከክፍል ጀርባ ነው የሚቀይሩት። ሲሮጡ ወንዶቹ ይስቃሉ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ ልብሴ ይበላሻል ብላ ከወንበሯ መነሳት ትፈራለች። የሥርዓተ ፆታ ክበቡ ክፍል ቁልፍ ስፖርት ባለበት ቀን ለሴት ዕቃ ኃላፊዋ እንዲሰጥ ተደረገ፣ ሞዴስም እዚያ ተቀመጠ። በቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሶ መጫወትም ተፈቀደ።

ከሁሉም በላይ የሠራው ግን ሱዚ ነው። ለማሟሟቂያ ሱዚ ዝላይ ሲገባ መሪዎቹ ሴቶቹ ሆኑ። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚት ላይ ሳለ ወንዶቹ ተኩራርተው ገቡ። ጉልበት ላይ ሲደርስ እግራቸው ተጠላለፈ፣ ወገብ ላይ ሲደርስ ያ አስመሳይ ልጅ በጀርባው አፈር ላይ ተዘረረ። አንዷ ድሮ ከግድግዳው የማትነሳ ልጅ "እግርህን አዟዙረህ፣ እንዲህ፣ እንዲህ!" እያለች ስታሳየው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሴቶች ተጫወቱ ማለት አይደለም፤ ጥቂቶቹ እስከ መጨረሻው ግድግዳውን አለቀቁም።

በደረጃ ራስን መመዘን፣ ግማሹ የተሳካ

ዶን ሄሊሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ችግር ውስጥ ካሉ ወጣቶች ጋር ሲሠራ ያዳበረው የኃላፊነት ደረጃዎች አሉ፦ የሌላውን መብትና ስሜት ማክበር፣ ተሳትፎና ጥረት፣ ራስን መምራት፣ ሌላውን መርዳት፣ በመጨረሻም ይሄን ሁሉ ከሜዳ ውጪ ይዞ መውጣት። በፔሬዱ መጨረሻ እያንዳንዱ ዛሬ የትኛው ላይ ነበርኩ ብሎ በጣቱ እንዲያሳይ ተሞከረ። ሁሉም አምስት ጣት አወጣ። አንዱ በሁለት እጁ አሥር አወጣ።

ስለዚህ ወደ ብጣሽ ወረቀት ተዛወረ፤ ስም መጻፍ የፈለገ ይጽፋል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ብዙው ወረቀት "ጥሩ ነበር" የሚል ነው፣ ከ60 በላይ ወረቀት ማንበብም አድካሚ ነው። ቢሆንም በመሀል በአካል የማይነገር ነገር ይመጣል። "ዛሬ ሰው ላይ ስቄ ነበር፣ ግን አልተያዝኩም" የሚል ወረቀት መጥቶ ያውቃል።

የከሰረው ልጅ

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ዝም ብሎ ያልፋል፣ እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። የክፍሉ ምርጥ ተጫዋች፣ ድሮ ሁሌ አምበል የነበረው ልጅ፣ በዚህ ሁሉ ለውጥ ተጎዳ። ትምህርቱ ደካማ ነው፣ ቤቱም ሰላም የለም፤ በሳምንት ሁለቴ ሰው የሚያደንቀው ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ጎሉ ከሌላው ያነሰ ሲቆጠር "ጨዋታ አይደለም ይሄ!" ብሎ ኳሱን አጥር አሻግሮ ለግቶ ወጣ። የተወሰነ ጊዜ እሱም ግድግዳ ሥር ተቀመጠ።

አሠልጣኝ አደረግነው። ለጥቂት ጊዜ ደስ አለው፣ ከዚያ ሰለቸው፤ እሱ መጫወት ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ የተሻለ የሠራው ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር ከሰዓት በኋላ ልምምድ እንዲያደርግ መደረጉ ነው፤ እዚያ ሁሉም ጎል አንድ ነጥብ ነው፣ ፉክክሩም የሱን ልክ ነው። ፔሬዱ ላይ ግን እንደ ድሮው ሆኖ አልተመለሰም። ደካማውን የሚያነሳ አሠራር ጎበዙን እንዳያወርድ ምን መደረግ እንዳለበት ሙሉ መልስ አላገኘንለትም።

ማርክና የዲፓርትመንቱ ክርክር

ድሮ ማርኩ 100 ሜትር በስንት ሰከንድ ሮጠ፣ ስንት ፑሽ አፕ ሠራ የሚል ነበር። በተፈጥሮው ፈጣኑ ያለ ምንም ጥረት ሙሉ ያገኛል። የዲፓርትመንት ኃላፊው አዲሱን ሐሳብ ሲሰማ "ይሄ ስፖርት ነው ወይስ ግብረ ገብ?" ብሎ ጠየቀ። ፌዝ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩ "ባሕርይ" እያለ የወደደውን ልጅ ሊጠቅም ይችላል የሚል ስጋት ነበረው፣ ስጋቱም ተገቢ ነው። በመጨረሻ ፈተናው ባለበት ቀረና ከተከታታይ ምዘናው ከፊሉ ለሁለት ነገር ተሰጠ፦ ልጁ ከራሱ የመጀመሪያ ውጤት ምን ያህል እንዳሻሻለ፣ የተሰጠውን ሚና መወጣት አለመወጣቱ። ሁለቱም መዝጋቢዎቹ የጻፉት ደብተር ላይ ስላሉ መምህሩ እንደፈለገ አይቀይራቸውም።

በዓመቱ መጨረሻ

የልጁ አቴንዳንስ ከሌሎች ልጆች የማይለይ ሆነ። አልፎ አልፎ ይቀራል፣ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ መሆኑ ቀረ። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መመለስ የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እሱም በአንድ ሁለት ትምህርት ብቻ። የሒሳብ ውጤቱ አልተቀየረም። ዕረፍት ላይ ከሁለት የቡድኑ ልጆች ጋር ይታያል። "ፋራ" የሚለው ስም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን አሁን እሱም መልስ አለው፦ "ፋራው ነው ዳኛህ!" ይላል። ቱታውንም አንድ ቀን ለብሶት መጣ፤ ማንም ምንም አላለም፣ ምክንያቱም ቱታ የለበሰም ያልለበሰም እኩል ነበር።

ክፍሉ በአጠቃላይ? ፔሬዱ ላይ ጠብ ቀንሷል። ከሌላ ሴክሽን ጋር ግጥሚያ ሲሆን ግን እንደ ድሮው ይቧቀሳሉ። በዕጣ በወጣ ቡድን የተማሩት ነገር ወደ ሴክሽን ግጥሚያው አልተሻገረም፤ የሄሊሰን አምስተኛው ደረጃ የሚባለው ላይ አልደረስንም።

ሌላ መምህር ሊወስዳቸው የሚችሉ ነጥቦች

አቴንዳንስ ስታነቡ ስንት ቀን ቀረ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ እዩ። ከክፍል ኃላፊው ጋር አሥር ደቂቃ ቁጭ ማለት በቂ ነው።

ምንም ሌላ ነገር መቀየር ባትችሉ አምበሎች ሰው መምረጣቸውን አስቀሩ። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ፈቃድም አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ይቻላል።

ደንብ ስታወጡ ልጆቹ እንዴት እንደሚያመልጡት ሁለት ፔሬድ ቆማችሁ ተመልከቱ። የሚያመልጡት በእርግጠኝነት ነው። ያኔ አትቆጡ፣ ነጥብ አሰጣጡን ቀይሩት።

ችግረኛ ልጅን ለብቻው ከመርዳት በፊት ችግሩን የሚያጋልጠው ደንብ የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ደንቡ ከተነሳ በኋላ የሚሰጥ ልብስ ልብስ ብቻ ይሆናል።

ኳስ አንድ ብቻ ከሆነ ሜዳውን ለአራት ክፈሉት፤ አንዱ ጋ ኳስ፣ አንዱ ጋ ሱዚ፣ አንዱ ጋ ገመድ ጉተታ ወይም ቅብብል ሩጫ፣ አንዱ ጋ በጨርቅ ኳስ ዒላማ መምታት። ፊሽካ ሲነፋ ይዘዋወራሉ። መጀመሪያ ላይ ገበያ ይመስላል፣ ግን ከ60 ልጅ አብዛኛው ይንቀሳቀሳል።

ጎበዙን ልጅ አትርሱ። ከፔሬዱ ውጪ ልኩን የሚያገኝበት ቦታ ከለውጡ በፊት አዘጋጁለት።

እና ድንበራችሁን እወቁ። ይሄ ልጅ የሸሸው አንድ ፔሬድን ነበር፣ ፔሬዱ ሲስተካከል ተመለሰ። ከሁሉም ነገር የሚሸሽ፣ መብላት ያቆመ፣ እንቅልፍ የሌለው፣ ሰውነቱ ላይ የድብደባ ምልክት ያለው ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ልጅ ካጋጠማችሁ ፊሽካና ዕጣ አይበቃውም። በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ አማካሪና ለርዕሰ መምህሩ ይነገር፤ አደጋው ያለው ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወላጅ ከመጥራታችሁ በፊት ከእነሱ ጋር ተመካከሩ።